በፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና መካከል የሚደረግ የጠርዝ ምርመራ

ጥያቄ፦ ታላቅ ወንድሜ በካንሰር ምክንያት የፕሮስቴት እጢው ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ተወስኗል። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ሳይጠናቀቅ የወጣው እጢ ጠርዝ በፈጣን ማይክሮስኮፕ እንደሚታይ ነግሮናል። ጥቅሙ ምንድን ነው? ውጤቱስ ምን ያህል ያስተማምናል?

መልስ 1፦ ለብልት መቆም የሚያገለግሉት ነርቮች በእጢው ግራና ቀኝ ተጠግተው ስለሚያልፉ፣ ቀዶ ሐኪሙ እነርሱን ለማትረፍ ወደ እጢው ቀርቦ ሲቆርጥ የካንሰር ሕዋሳት ሊቀሩ ይችላሉ፤ ራቅ ብሎ ሲቆርጥ ደግሞ ነርቮቹ ይጎዳሉ። በተለመደው አሠራር የጠርዙ ሁኔታ የሚታወቀው ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። ኮንፎካል በተባለው ፈጣን ማይክሮስኮፕ ግን እጢው በብርሃን በሚፈካ ማቅለሚያ ይነከርና፣ ሳይቀዘቅዝና ሳይከተፍ የገጹ ምስል በደቂቃዎች ውስጥ ይነበባል። ካንሰር ጠርዙ ላይ ከታየ በዚያው በኩል ተጨማሪ ሕብረ ሕዋስ ይወጣል።

መልስ 2፦ ኒውሮሴፍ የተባለው ቀደም ያለ ዘዴ ጠርዙን አቀዝቅዞና በስሱ ቆርጦ የሚመረምር ሲሆን፣ በብሪታንያ ተካሂዶ በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዘዴው ከቀዶ ሕክምናው አንድ ዓመት በኋላ የብልት መቆም ችሎታን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ሆኖም ብዙ የፓቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ ምርመራ) ባለሙያና ጊዜ ይጠይቃል፤ ኮንፎካሉ ትኩረት የሳበውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ምስሉን ማንበብ ልምድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠውም መደበኛው የፓቶሎጂ ምርመራ ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ጠርዙ ነጻ ከሆነ ክትትሉ ይቀራል ማለት ነው?

መልስ 1፦ አይቀርም። ምርመራው የሚያሳየው የተቆረጠውን ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ የፒኤስኤ (የፕሮስቴት ሕዋሳት የሚያመነጩት ፕሮቲን) የደም ምርመራ በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት ይቀጥላል።