«ለኢትዮጵያውያን ብቻ» የሚባለው ፕሮግራም ይቅር ወይስ ይቀጥል?

የነታንያዋ እናት፦
እስኪ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት «ለኢትዮጵያ ተወላጅ ልጆች የተዘጋጀ ማጠናከሪያ» የሚል ቅጽ ይዛ መጣች። ወላጅ ይፈርም ይላል። እኔ እስራኤል የገባሁት በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ.፣ ቤተ እስራኤላውያንን (የኢትዮጵያ አይሁዶችን) በአውሮፕላን ባመጣው ዘመቻ ሰለሞን፣ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ነው። ልጄ ደግሞ እዚሁ ተወልዳ ከዕብራይስጥ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ናት። ታዲያ የሚጠናከረው ምኗ ነው? «ኢማ (እማዬ)፣ እኔ ሰነፍ ነኝ እንዴ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። በእኔ በኩል እንዲህ ያለው ነገር ይቅር። እናንተስ?

የአሽዶዱ፦
እህቴ፣ ብትናደጂ አልፈርድብሽም። ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1984 የሱዳንን በረሃ አቋርጠን በዘመቻ ሙሴ ስንገባ አባቴ ፊደል አልቆጠረም። የአርማጭሆ ገበሬ ነበር። ማታ የቤት ሥራዬን ማን ያሳየኝ? ያስጠኑኝ በዚህ ዓይነት ፕሮግራም የተቀጠሩ ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ መሐንዲስ ነኝ። የጎደለበትን ለይቶ መርዳት ዘረኝነት አይባልም።

የሃይፋዋ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። «የጎደለበትን» ነው ያሉት። ቅጹ ግን የጎደለበትን አልጠየቀም፤ ዘሩን ነው የጠየቀው። በ1996 የለገስነው ደም ሳይነገረን እየተጣለ እንደነበር ሲጋለጥ ምን ተባልን? «ከኢትዮጵያ በመጡት ላይ ኤችአይቪ በዝቷል።» ለጋሹ ጤነኛ ይሁን አይሁን ማንም ግድ አልነበረውም። በ2013 እንኳ በእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት ውስጥ ደም ልትለግስ የመጣችው የምክር ቤት አባል ፕኒና ታመኖ ሻታ በተወለደችበት አገር ምክንያት ተመልሳለች። በሦስት ዓመቷ የመጣች ሴት! በ2020 ሚኒስትር ሆናለች። ማጠናከሪያው በደግ ልብ የታሰበ ሊሆን ይችላል። አስተሳሰቡ ግን ያው ነው። ሰውየውን ሳያዩ ወገኑን ያያሉ።

የቤርሼቫው፦
እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በ2015 ሆሎን ውስጥ የወታደር ልብስ የለበሰ ልጃችን በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ አየን። ቴል አቪቭ ወጥተን ጮኽን። በዓመቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ኮሚቴ ራሱ በመንግሥት ተቋማት ውስጥ ዘረኝነት እንዳለ ጻፈ። በ2019 ደግሞ ወጣቱ ልጃችን ሰለሞን ተካ ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። ሁልጊዜ ተማሩ፣ ሠልጥኑ የምንባለው እኛ ነን። ፖሊሱንስ ማን ያሠልጥነው?

የአዲስ አበባው፦
ከሩቅ ሆኜ ልግባ። እኛም ንጹሕ አይደለንም። ቤተ እስራኤላውያን «ፈላሻ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ፣ ርስት ተከልክለው ነው እዚህ ትውልድ የቆጠሩት። አያቴ ሸክላቸውን ትገዛ ነበር፤ ቤቷ ግን አታስገባቸውም። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

የነታንያዋ እናት፦
ወንድሜ፣ ይህን ስላልክ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ እዚያ ፈላሻ ነበረች፣ እዚህ ኩሺ ተባለች፤ በዕብራይስጥ የጥቁር መስደቢያ ነው።

የአሽዶዱ፦
የሃይፋዋ ልጄ፣ የደሙ ነገር አፌን አስያዘኝ። እውነትሽን ነው። ግን አንድ ጭንቀት አለኝ። ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ በዘመቻ ጹር እስራኤል ከጎንደር የመጡ ቤተሰቦች አሉ። ቅሊጣ ማዕከል (አዲስ ገቢዎች የሚቀመጡበት) የሚያድጉ ልጆች አሏቸው። ፕሮግራሙ ቢዘጋ በጀቱ ለእነሱ የሚተርፍ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። እኛ ተሻገርን ብለን መሰላሉን እንዳናነሳባቸው እፈራለሁ።

የነታንያዋ እናት፦
ጋሼ፣ ይህን ሳነብ የልጄ የክፍል ጓደኛ ትዝ አለችኝ። እናቷ ያንን ቅጽ ማንበብ አትችልም፤ ዕብራይስጡ ገና ነው። አሁን ደወልኩላት። እሁድ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። የእሷን ሞልተን እናስገባለን። የእኔን ሳልፈርም እመልሳለሁ። «ለኢትዮጵያ ተወላጅ» የሚለው ተሰርዞ «እርዳታ ለሚያስፈልገው ልጅ ሁሉ» ተብሎ ይጻፍ ብዬም ርዕሰ መምህሯን እጠይቃለሁ። ነታንያ ያላችሁ፣ ከእኛ ጋር የምትመጡ ካላችሁ ጻፉልኝ።