በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው አለቃ ሆኛለሁ

የ27 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተመድቤያለሁ። በሥሬ ካሉት አንዱ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ጋሼ ናቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እወዳቸዋለሁም። አሁን ግን ቫውቸር (የክፍያ ሰነድ) ስጠይቃቸው «እሺ ልጄ» ይሉና መሳቢያቸውን ቆልፈው ይሄዳሉ። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ እንዲያስገቡ ባሳያቸውም በእጅ መዝገባቸው ጽፈው ይተዉታል። ጽሑፋቸው ደግሞ ሲያምር! ለብቻችን ቡና እየጠጣን አነጋገርኳቸው፤ ነገሩ ትንሽ ተስተካክሎ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ሲናገሯቸው ጭራሽ ከእኛ ጋር ምሳ መብላት ተዉ። ይሄ በጣም ከብዶኛል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት እችላለሁ፤ አንጀቴ ግን አልቆርጥ አለኝ። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ ኦዲተሮችም ይመጣሉ። ክብራቸውን ሳልነካ ሰነዱን በጊዜው እንዲያስረክቡኝ ምን ብዬ ልንገራቸው?