ለሎጎ፣ ለሜኑና ለባነር ከየትኛው ሶፍትዌር ልጀምር?

ጀማሪዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ላለ ትንሽ ካፌ ሎጎ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የአማርኛ ሜኑና 3 ሜትር በ1 ሜትር ባነር ልሠራ ነው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው። ፎቶሾፕ፣ ኮረል ድሮው፣ ኢንክስኬፕ ወይስ ካንቫ?

ቀለምና ወረቀት፦
እህቴ፣ ሎጎውን በፎቶሾፕ እንዳትጀምሪው። እሱ ለፎቶ ነው። ለ9 በ5 ሴንቲሜትር ካርድ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የተሠራ ፋይል 1063 በ591 ፒክስል ብቻ ነው፤ ያንኑ 3 ሜትር ላይ ስትለጥጪው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። በቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ) የተሳለ ግን የቱንም ያህል ቢሰፋ አይበላሽም። ኢንክስኬፕና ኮረል የቬክተር ናቸው፤ ኢንክስኬፕ ነፃ ነው፣ ያንቺም ላፕቶፕ ይችለዋል።

ኮረል የምትመርጪ ከሆነ አስቀድመሽ ማተሚያ ቤቱ የስንት ቨርዥን እንዳለው ጠይቂ። በአዲሱ የተቀመጠ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም፤ ስታስቀምጪ ዝቅ ያለውን ቨርዥን ምረጪለት።

ፕሌት፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከኢንክስኬፕ የሚወጣው ፒዲኤፍ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ነው። ለዲጂታል ህትመት ብዙም አያስቸግርም። ኦፍሴት (ለየቀለሙ በተሠራ ፕሌት፣ ማለትም ሰሌዳ የሚታተም) ከሆነ ግን ጥቁሩ ጽሑፍ ለ4 ቀለም ይከፋፈላል፤ ፕሌቶቹ በፀጉር ያህል ቢዛነፉ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ሜኑው ላይ «ቋንጣ ፍርፍር» በ8 ነጥብ የፊደል መጠን ተጽፎ እንደሆነ የ«ቋ» ቀለበት ይደፈናል። ስለዚህ ሜኑውን ገጽ ማቀናበሪያ በሆነው በስክራይበስ አቀናብሪው፤ እሱም ነፃ ነው። ለህትመት በሲኤምዋይኬ (በ4ቱ የማተሚያ ቀለሞች) የጽሑፉን ጥቁር ኬ 100፣ ሌሎቹን ሦስቱን 0 አድርጊ። ካርዱም በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ብሊድ (ከታተመ በኋላ የሚቆረጥ ትርፍ ጠርዝ) ይኑረው፣ ማለትም 9.6 በ5.6 ሴንቲሜትር።

ፊደሉ ዩኒኮድ (በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት የሆነ የፊደል ኮድ) ይሁን፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጥሩ ናቸው። የድሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች ባልተጫኑበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ከመላክሽ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሪው፦ ኢንክስኬፕ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ፤ ኮረል ላይ ኮንትሮልና ኪው። ግን ቅጂ አስቀሪ፤ ከተቀየረ በኋላ የስልክ ቁጥር እንኳ በኪቦርድ አይታረምም።

ጀማሪዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካንቫ ግን እንዴት ነው?

ቀለምና ወረቀት፦
ለቴሌግራም ፖስት ምቹ ነው። ነፃው ግን በሲኤምዋይኬ አያወርድም፤ ሎጎውን እዚያ አትሥሪው። ባነሩን በ1 ለ10፣ 30 በ10 ሴንቲሜትር አድርገሽ ሥሪ፤ ፎቶ ካለበት በሙሉ መጠኑ (3 ሜትር ላይ) 100 ዲፒአይ ይበቃዋል። «1 ለ10» የሚለውን የፋይሉ ስም ላይ ጻፊ፤ አለዚያ በ30 ሴንቲሜትር ሊያትሙልሽ ይችላሉ።