«ጉበት ስብን አቃጥሎ» ምን ማለት ነው?

ሳድስ፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ የጤና ጽሑፍ «ስኳር ሲያልቅ ጉበት ስብን አቃጥሎ ኬቶን ያወጣል፤ አንጎልም ኬቶኑን ያቃጥላል» ይላል። አንዴ የተቃጠለ ነገር እንዴት ደግሞ ይቃጠላል? «አቃጥሎ» እዚህ ጋ ምንድነው?

ባለግስ፦ ከግእዙ እንጀምር። «ነደ» (ነደደ) እና «ውዕየ» (ተቃጠለ) አንድ አይደሉም። «ነዳጅ» ያልነው ከ«ነደደ» ነው። የሚነድ ይጠቅማል፣ የተቃጠለ አመድ ነው። ጸሐፊው «አንድዶ» ማለት ነበረበት።

ዘርዐ ቃል፦ እኔ «ኬቶን» ራሱ ከግእዙ «ክታን» የመጣ ይመስለኛል። ክታን የተልባ እግር ነው፤ ተልባ ዘይት አለው፤ ዘይት ደግሞ ስብ ነው።

ባለግስ፦ ወንድሜ፣ ቅኔ ቤት የከረምኩ ሰው ነኝ። ይሄ አያስኬድም።

ቀመር፦ ቃሉ የጀርመን ነው። ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ግሜሊን በ1848 እ.ኤ.አ. ከ«አሴቶን» ያወጣው ነው። አሴቶን ደግሞ ከላቲኑ የኮምጣጤ ስም ይመዘዛል።

ዘርዐ ቃል፦ ኮምጣጤ ከሆነማ በግእዙ «ብሒእ» እንበለው!

ቀመር፦ ወደ ነገሩ ልመለስ። ስብ ጨርሶ ቢቃጠል የሚቀረው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ጉበት ግን እዚያ ድረስ አይሄድም። የስብ አሲዱን ቆራርጦ ባለ ሁለት ካርቦን ቁራጭ ያደርገዋል። ቁራጮቹን መልሶ አጣምሮ ባለ አራት ካርቦን ኬቶን ይሠራል። ኬቶን በውሃ ስለሚሟሟ በደም ተጉዞ አንጎል ይገባል። አንጎል፣ ልብና ጡንቻ ይጨርሱታል። ጉበት ራሱ አይጠቀምበትም፤ የሚያስፈልገው ኢንዛይም የለውም።

ፊደሏ፦ ታዲያ «አክስሎ» ነዋ! እንጨት ከስሎ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ ሌላ ቤት ሄዶ ይነዳል።

ባለግስ፦ እህቴ፣ ማክሰል እሳት ይፈልጋል። ጉበት ውስጥ እሳት የታለ?

ፊደሏ፦ እርስዎስ «አንድዶ» ሲሉ እሳቱን ከየት አመጡት?

ሳድስ፦ «ኬቶሲስ» እና «ኬቶአሲዶሲስ»ስ አንድ ናቸው?

ቀመር፦ በፍጹም፣ ይሄን አደራ እንዳታምታቱ። ኬቶሲስ በደም ውስጥ ኬቶን ከፍ ሲል ነው፤ በዚያን ጊዜ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን) አለ፤ የኬቶኑን ምርት ይገታል። ኢንሱሊን በጣም ሲያንስ፣ በተለይ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ባለበት ሰው፣ ጉበት ማምረቱን አያቆምም። ደም አሲድ ይሆናል፤ ትንፋሽ አሴቶን አሴቶን ይሸታል። ኬቶአሲዶሲስ ይሄ ነው፤ ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ዘርዐ ቃል፦ ደሙ ከኮመጠጠማ «ብሒእ» ማለቴ ያስኬዳል።

ባለግስ፦ ለአሲዱ ያስኬድሃል፣ እሺ። «አክስሎ»ን ግን አልተቀበልኩም።