ጥቆማ፦ ያለ ባትሪ የሚሠራ ገመድ አልባ ሙቀት መለኪያ አዲስ አበባ የት ይገኛል?

ቦይለር ክፍል፦ ሰላም ቤተሰብ። ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ነው የምሠራው። እንፋሎት ቧንቧው ላይ ያለን ሴንሰር ባትሪ ይጨርሳል፣ ገመድ መሳብ ደግሞ አይመችም። ከቧንቧው ሙቀት ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያወጣውን ሞጁልና ቮልቴጅ ማሳደጊያውን የሸመታችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።

ሽቦ፦ ተጠንቀቅ! አንዱ ሱቅ «ጄነሬተር ሞጁል» ብሎ የሸጠኝ ውሃ ዲስፔንሰር ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ተፍቋል። ዳቦ ምድጃ ላይ አሰርኩት፤ ሳይመሽ ገመዱ እጄ ላይ ቀረ። ስመልስለት «አንተ ነህ ያቃጠልከው» አለኝ።

ሀና ቲ፦ የቱ ሱቅ ነው? እንዳንበላ!

ሽቦ፦ ስም አልጠራም። ግን ብሬን አልረሳም።

እማማ ቤት፦ ለልጅ ከሆነ ፋርማሲ ግንባር ላይ የሚያዘው አለ፣ በጣም አሪፍ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ ዕቃ ከሆነ መርካቶ ደንበኛዬ ጋ ሂድ። 12 ዓመት አንዴም አልሸወደኝም።

ሽቦ፦ ሞጁሉን ይሸጣል?

የመርካቶ ልጅ፦ ስታብላይዘር ነው የሚሸጠው። ግን ታማኝ ነው።

ሙሌ፦ ታማኝነቱን ቧንቧው ላይ እንሰረውና ስንት ቮልት እንደሚሰጥ እንየው።

ካውያው፦ ሽቦ፣ ተሸውደሃል፣ ግን ማቀዝቀዣውም አንድ ጎኑ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ኤሌክትሪክ ያወጣል። የጎዳህ ሊዱ ነው፤ የማቀዝቀዣው ዓይነት ቲኢሲ1-12706 ብዙ ጊዜ 138 ዲግሪ ላይ በሚቀልጥ ሊድ ነው የሚበየደው። ቦይለር ክፍል፣ ግፊታችሁ 5 ባር ከሆነ እንፋሎቱ 159 ዲግሪ ገደማ ነው። ለማመንጫ የሚሸጠው ኤስፒ1848 ራሱ የሚችለው እስከ 150 ስለሆነ ቧንቧው ላይ አትለጥፈው፤ በአሉሚኒየም ቁራጭ አርቀህ እሰር። ሂትሲንኩም (ሌላውን ጎን የሚያቀዘቅዘው ብረት) አየር ያግኝ፣ ሁለቱም ጎን እኩል ከሞቀ ምንም አታገኝም። ማሳደጊያው ኤልቲሲ3108 ከ20 ሚሊቮልት ይነሳል። ዋይፋይ እርሳ፣ ሲልክ በመቶዎች ሚሊአምፔር ይጠጣል። ኤንአርኤፍ24 የሚባለው ትንሽ የሬዲዮ ሞጁል 12 ሚሊአምፔር ገደማ ይበቃዋል፤ በየ5 ደቂቃው አንዴ ይላክ። እኔ ከቻይና ነው ያስመጣሁት፣ እዚህ ሱቅ አላየሁም።

ቦይለር ክፍል፦ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ሌሊት ቦይለሩ ሲጠፋስ?

ካውያው፦ ሞጁሉም አብሮ ይተኛል። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ሱፐር ካፓሲተር ጨምርበት፣ ትንሽ ያቆይሃል። ለነገሩ መልእክቱ ከቆመ ቦይለሩ መቀዝቀዙን አወቅህ።

ሀና ቲ፦ ሽቦ፣ በውስጥ መስመር ንገረኝ እሺ?

የመርካቶ ልጅ፦ ስታብላይዘር የፈለገ ግን አድራሻውን ልላክለት።