ኤችቲ802፦ መደወል ይቻላል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ጥሪ አይገባም

ገመዱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የድሮውን የቤት ስልክ በግራንድስትሪም ኤችቲ802 (ተራ ስልክን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን፣ ኤቲኤ የሚሉት) ከኢንተርኔት ጥሪ አገልግሎት ጋር አገናኝቻለሁ። የስታተስ ገጹ «ሬጅስተርድ» ይላል፣ ስደውልም ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ግን መሣሪያው ከበራ ሁለት ሦስት ደቂቃ ካለፈ ስልኩ አይጠራም፤ ደዋዩን የድምፅ መልእክት ይቀበለዋል። ሌላው ደግሞ፣ ቁጥር ጨርሼ ሳበቃ መስመሩ ጭጭ ብሎ ይቆይና ነው መደወል የሚጀምረው። ምኑን ልንካ?

የሽቦ ሰው፦
ጥሪው ራውተሩ ላይ እየቀረ ነው። ኤቲኤው ሲመዘገብ ራውተሩ መመለሻ መንገድ ይከፍትለታል፤ በዚያ መንገድ ምንም ካላለፈ ግን መልሶ ይዘጋዋል። ኤቲኤው እንደመጣ ከተተወ ደግሞ ምዝገባውን የሚያድሰው በየ60 ደቂቃው ነው። አገልግሎቱ «አለ» ብሎ ጥሪ ይልካል፣ የሚከፍትለት የለም።

ስልኩን አንሣና *** ከዚያ 02 ምታ፤ የአይፒ አድራሻውን ያነብልሃል። አድራሻውን ብራውዘር ላይ ጽፈህ ግባ (አዲሶቹ ላይ የይለፍ ቃሉ ከመሣሪያው ሆድ የተለጠፈው ነው)። «ኤፍኤክስኤስ ፖርት 1» (ስልኩ የሚሰካበት ቀዳዳ ገጽ) ውስጥ መንገዱ እንዳይዘጋ «ናት ትራቨርሳል»ን «ኪፕ አላይቭ» አድርገው፣ «ሬጅስተር ኤክስፓይሬሽን»ን ከ60 ወደ 5 አውርደው። «አፕላይ» በል፣ አጥፍተህ አብራው።

ሰባት ቁጥር፦
የሽቦ ሰው ባለው ላይ፦ ራውተሩ ውስጥ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚል ካለ አጥፋው። ሊረዳ ብሎ በኢንተርኔት ጥሪው መልእክት ውስጥ ያለውን አድራሻ ይቀይራል፣ ብዙ ጊዜም ያበላሸዋል። አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማበት ጥሪ ከገጠመህ መጀመሪያ የምትጠረጥረው እሱን ነው። ፖርት 5060ን (የኢንተርኔት ጥሪ የሚገባበትን የራውተር በር) ከውጭ ክፈት የሚልህን ግን አትስማ፤ ሌሊቱን ሙሉ ማንም ያልደወለው ጥሪ ሲጮኽብህ ያድራል።

መዘግየቱ «ኖ ኪ ኢንትሪ ታይምአውት» ነው፣ 4 ሰከንድ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ቁጥር ትጨምር እንደሆነ እየጠበቀህ ነው። ቁጥሩን ስትጨርስ # ምታ፣ ወዲያው ይወጣል። ወደ 2 ማውረድም ይቻላል፤ ቁጥር ከወረቀት እያየ የሚደውል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ግን ሳይጨርስ ይቆረጥበታል።

ገመዱ፦
ሁለቱም ተስተካከሉ፣ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላም ጠራ። ኤኤልጂው በርቶ ነበር። አሁን ኤቲኤውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ብሰካው የሌሎቹ ክፍሎች ስልኮች ይሠራሉ?

የሽቦ ሰው፦
ይሠራሉ፤ ግን መጀመሪያ ከውጭ የሚገባውን የስልክ መስመር መግቢያው ሳጥን ላይ ንቀለው። ኤፍኤክስኤስ ራሱ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ቀዳዳ ነው፤ የቴሌኮሙ መስመርም ወደ 48 ቮልት ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ሽቦው ላይ ከተገናኙ ኤቲኤው ሊቃጠል ይችላል። የተነቀለ መሆኑን ለማረጋገጥ ኤቲኤውን ሳትሰካ አንድ ስልክ ሶኬቱ ላይ ሞክር፤ ምንም ድምፅ መኖር የለበትም። ከዚያ ስልኮቹን አንድ በአንድ ጨምር። አንዱን ስትጨምር ጥሪው ከደከመ ወይም ጨርሶ ካልጠራ፣ ቀዳዳው ከሚችለው በላይ ሆኗል ማለት ነው፤ የመጨረሻውን ንቀል።