ወሩ ሲያልቅ ልማዱም አብሮ ያልቅብኛል፤ እናንተስ እንዴት ትይዙታላችሁ?

የጊዮርጊስ ጎረቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ ከራሴ ጋር አንድ ውል እገባለሁ። የእኛ ወር ለዚህ የተመቸ ነው፤ 28 ነው 31 ነው የሚል ጣጣ የለበትም። መስከረምን ከቤቴ፣ ከፒያሳ ጊዮርጊስ ጀርባ፣ የቸርችልን ጎዳና ይዤ ለገሃር እስካለው መሥሪያ ቤቴ በእግሬ ልሄድ ተዋዋልኩ። ጥቅምትን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክ አልነካም አልኩ። ኅዳርን ደግሞ ሻይና ቡና ያለ ስኳር።

ሳልደብቅ ልናገር። የስልኩ ውል ጥቅምት 30 ቀን በክብር ተፈጸመ። ኅዳር 1 ግን እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት የሰው ሠርግ ቪዲዮ ሳይ አመሸሁ። ሙሽሮቹን አላውቃቸውም። ስኳሩ ለኅዳር ሚካኤል የተጠራሁበት ቤት ቀረ፤ የቤቱ እመቤት ራሷ ሁለት ማንኪያ ጨምራ፣ አማስላ ሰጠችኝ፤ ውሰጂው አይባል።

የሚቆጨኝ የእግር ጉዞው ነው። ጠዋት ቁልቁለት ነው፣ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ከጥቁር አንበሳ ወርጄ ትልቁ ፖስታ ቤት ስደርስ ሰውነቴ ይሞቃል። ታዲያ የምወደውን ነገር በመስከረም እየዘለልኩ ሄድኩት፣ ጥቅምት ሲገባ ጭራሽ ተውኩት። የሚገርመው፣ ማታ ማታ በደብተር ሦስት መስመር መጻፍ ምንም ውል ሳይገባለት እስካሁን አልተቋረጠም።

ወሩ ሲያልቅ ልማዱ እንዲቀጥል ምን አደረጋችሁ? «ቁርጠኛ ሁኚ» የሚለውን ምክር ከእናቴ በየቀኑ ስለማገኘው ይለፈኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የአንቺን ውል እጥፍ ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው። በየዓመቱ የምዘልቀው ግን ጠንካራ ስለሆንኩ አይደለም። ቤተሰቡ ይጾማል፣ ጎረቤቱ ይጾማል፣ የሠፈሩ ልኳንዳ ቤት ይዘጋል። ልብላ ብል እንኳ ብዙ ደጅ መጥናት አለብኝ። የአንቺ ውል ምስክር የለውም፤ ያለ ምስክር ደግሞ ምን ውል አለ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየማለዳው መስቀል አደባባይ ደረጃውን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። እዚያ የሚያዩኝ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ስማቸውን ያወቅኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ቀን ከቀረሁ በማግስቱ «አሞዎት ነበር እንዴ?» ይሉኛል። ከአልጋዬ የምነሣው ይህን ጥያቄ ሽሽት ነው።

ደብተሩን ግን አጥብቀሽ ያዢ። እኔ ጳጉሜን የዓመቱን ደብተር በማንበብ አሳልፋለሁ፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ከወንድሜ ጋር እንደምጣላ የደረስኩበት በዚያ ነው። ምክንያቱን ገና አላገኘሁትም።

ቁጥር ወዳዱ፦
30 ቀን የሚባለው ራሱ ለቆጠራ የተመቸ ነው እንጂ አእምሮ ቀን መቁጠሪያ አያይም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋል። አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ይፈጃል፤ ልዩነቱ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ነው (ከ12 ሳምንቱ የሚያልፈው በስሌት የተገመተ ነው)። አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ የአካል እንቅስቃሴ ይዘገያል። ስለዚህ እህቴ፣ መስከረም 30 ላይ መንገዱን ገና ጀምረሽው ነበር።

ከዚያው ጥናት ለአንቺ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ደግሞ አንድ ቀን መዝለል ብዙም ጉዳት እንደሌለው መታየቱ ነው። ብዙዎቻችን አንድ ቀን ስንዘል «አበቃ» ብለን ሙሉውን እንጥላለን። ደብተር ካለሽ የዘለልሽባቸውን ቀናት አውጪና በዚያ ዕለት የጻፍሽውን እዪ።

ባለ ሁለት ማንኪያ፦
እኔ አንድ ወር ስኳር ትቼ በሁለተኛው ወር ከነወለዱ ከፈልኩት። ሰውን አታድክሙ፣ ቡናውን በሰላም ይጠጣ።

የጊዮርጊስ ጎረቤት፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ምስክር እየፈለግሁ ነው። ባለ ሁለት ማንኪያ፣ አንተን ግን ለምስክርነት አልጠራህም።

ቁጥር ወዳዱ እንዳለው ደብተሩን አውጥቼ ቆጠርኩ። መስከረም ላይ በታክሲ የሄድኩባቸው ቀናት 9 ናቸው። በሁለቱ «ዘነበ» ይላል። በአንዱ «ጫማ»። በስድስቱ የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ «ዳቦ»።

ትዝ አለኝ። ለእናቴ ትኩስ ዳቦ የምገዛው ጠዋት ነው። ሰልፉ ከረዘመ ቤት አድርሼው ስወጣ ከ2 ሰዓት ያልፋል፤ 2 ሰዓት ተኩል ደግሞ ፊርማ አለ። ሦስት ወር ሙሉ ራሴን ሰነፍ እያልኩ የሰደብኩት ለዳቦ ሰልፍ ኖሯል!

ትናንት ከሥራ ስመለስ ዳቦውን ገዝቼ ገባሁ፣ ዛሬ ጠዋት በእግሬ ወረድኩ። እናቴ ግን ያደረ ዳቦ አልበላም ብላ ቁርሷን ሳትነካ ነው የተውኳት። አሁን የምዋዋለው ከእሷ ጋር ነው።